ጡንቻና ነርቭ፤ ጓያስ የሚሰብረው የትኛውን ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሽንዲ ከተማ፣ በቃል ከቀረበው ንግግር የተጻፈ)



ኮሚቴው በየዓመቱ በሚወጣው መጽሔታችን ስለ ጤና የሚናገር አንድ ጽሑፍ ይግባ ብሎ በወሰነው መሠረት፣ ዛሬ ስለ ጡንቻና ስለ ነርቭ ጥቂት እንድናገር ተፈቅዶልኛል። ርእሱን ስትሰሙ «ይኸ የሐኪም ቤት ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን በአገራችን «ጓያ ሰበረው» እየተባለ በምርኩዝ የሚሄደው ሰው ሁሉ የደረሰበት ነገር ምን እንደሆነ ያለዚህ ትምህርት ሊገባን አይችልም። ሳይገባን ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በእንፋሎትና በጤዛ እያሳበብን እህሉን እንደ ልማዳችን እንበላለን። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ፤ መጀመሪያ ሥጋውን፣ ቀጥሎ ጓያውን እናያለን።

ቅርጫ የተካፈለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ሥጋው ቅጠል ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ገና ትኩስ ሳለ እዚህም እዚያም ሲርገበገብ ይታያል። ልጆች ይደነግጣሉ፤ ትልልቆቹ «ነፍሱ ገና አልወጣችም» እያሉ ይቀልዳሉ። በሬውማ ሞቷል። ነገር ግን የሥጋው ክሮችና በመካከላቸው የሚያልፉት ነርቮች ለጥቂት ጊዜ በየራሳቸው ሕያዋን ናቸው፤ ቢላዋ ሲነካቸው ይኮማተራሉ። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው ምርምር የዚሁ ዓይነት ነበር። የሞተች እንቁራሪት እግር ላይ ያለውን ነርቭ በብረት ሲነካው እግሯ ተፈናጠረች። በነርቭ ውስጥ የሚሮጠው መልእክት የኤሌክትሪክ ባሕርይ ያለው መሆኑ እየታወቀ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ «ጅማት» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ቀዩን ሥጋ፣ ማለት ጡንቻውን፣ ከአጥንት ጋር የሚያስረው ጠንካራ ገመድ ነው፤ ስንበላ ጥርስ የሚያስቸግረን እሱ ነው። ሌላው ከአንጎልና ከጀርባ አጥንት ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር እየተነሣ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚዘረጋው ነርቭ ነው። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ ነው የተምታቱት። ጅማት ይጎትታል፤ ነርቭ መልእክት ያመላልሳል።

አሠራሩን ከዕድራችን አሠራር የበለጠ የሚያስረዳልኝ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰው ሲሞት ለቅሶው በቀጥታ ወደ አባላቱ አይሄድም። መጀመሪያ ለዕድሩ ዳኛ ይነገራል፤ ዳኛው ለጥሩንባ ነፊው ያዛል፤ ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ይነፋል፤ አባላቱም ይወጣሉ። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ዳኛው አንጎል ነው። የእርሱ ትእዛዝ በረጅም መስመር ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል። እዚያ ጥሩንባ ነፊዎቹ አሉ፤ እነዚህም የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕዋሳት ይባላሉ። ከእነርሱ አንዱ ከወገባችን ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርስ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ክር አለው። ክሩ ጡንቻው ውስጥ ሲደርስ ይቀረንፋል፤ በዓይን ጡንቻ ላይ ጥቂት ክሮችን፣ በባት ላይ ግን ሺህና ከዚያ በላይ የጡንቻ ክሮችን በአንድ ጊዜ ያዝዛል። ለዚህ ነው ዓይን በትንሽ በትንሹ የሚዞረው፣ ባት ግን በኃይል የሚገፋው።

ነርቩና ጡንቻው ግን አይገናኙም፤ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። ነርቩ እዚያ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ቅመም ይረጫል፤ ጡንቻው ያንን ሲቀምስ ይኮማተራል። ወዲያው ደግሞ ቅመሙን የሚያጠፋ ሌላ ነገር ይመጣል፤ አለዚያ ጡንቻው እንደ ተኮማተረ ይቀር ነበር። ይህን ዓይነቱን የቅመም መልእክተኛ ያስረዱት ኦቶ ሎዊ እና ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከርእሴ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ማላታይንና እርሱን የመሰሉ የተባይ መድኃኒቶች ነፍሳትን የሚገድሉት ይህንኑ አጥፊውን በማሰር ነው። ሰውም ላይ ያው ነው። ያለ መሸፈኛ ሲረጭ የዋለ ሰው ለሃጩ ከበዛ፣ ዓይኑ ካለቀሰ፣ ሥጋው ከተርገበገበ «ምች ነው» ብላችሁ በዳማ ከሴ አታሹት፤ ልብሱን አውልቁለት፣ በሳሙና እጠቡትና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዴት ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፅንሱ ገና የባቄላ ፍሬ ሳያህል በጀርባው በኩል አንድ ቦይ ይሠራና ጠርዝና ጠርዙ ተገናኝቶ ቱቦ ይሆናል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው እርሱ ነው። ቱቦው ተዘግቶ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ማለት ነው። ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሩም አይታዘዝም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ክኒን ይህን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሆድ ከገፋ በኋላ ለዚህ ጉዳይ አይደርስም፤ ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላችሁ እኅቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ አነጋግሯት።

ጡንቻዎቹ ደግሞ በቱቦው ግራና ቀኝ ከተደረደሩ ትንንሽ ጉብታዎች ይነሣሉ። ሕዋሳቱ ወደ እጅና ወደ እግር ይሰደዱና እርስ በርስ ተዋሕደው ረጃጅም ክር ይሆናሉ። ነርቮቹም ከኅብለ ሰረሰር እያደጉ ይፈልጓቸዋል። በጣም የሚደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ተፈጥሮ ከሚያስፈልገው በላይ የነርቭ ሕዋሳት ትሠራለች። ከጡንቻ ጋር ግንኙነት ያገኘው ይኖራል፤ ያላገኘው ይሞታል። ግማሽ ያህሉ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ጡንቻው ለነርቩ በሕይወት የመኖሪያ ስንቅ ይሰጠዋል፤ ነርቩም ለጡንቻው ሥራ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ በአንድ የጡንቻ ክር ላይ ብዙ ነርቮች ይረባረባሉ፤ እየቆየ ግን፣ ከተወለደም በኋላ ጥቂት ጊዜ፣ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ሌሎቹ ይለቃሉ። ሁለት ጥሩንባ ነፊ ለአንድ ቤት አይነፋም።

ፅንሱ መንቀሳቀስ የሚጀምረው በሁለተኛው ወር ገደማ ነው፤ እናቲቱ የምትሰማው ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ነው። ያ እርግጫ ጨዋታ አይደለም። ነርቭና ጡንቻ የሚለማመዱበት፣ መገጣጠሚያም የሚላላበት ሥራ ነው።

ታዲያ ጥጃ በተወለደ ሰዓት ውስጥ ቆሞ ሲጠባ፣ የእኛ ልጅ ለምን ዓመት ይፈጅበታል? ጥሩንባ ነፊዎቹና አባላቱ ተዘጋጅተዋል፤ ገና ያልተዘጋጀው ከዳኛው የሚወርደው መስመር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ እንደሚለብስ ሁሉ የነርቭ መስመርም የስብ ሽፋን ይለብሳል። ሳይለብስ መልእክቱ ይንቀራፈፋል። ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ልጁም አንገቱን ያቀናል፣ ይቀመጣል፣ ይድኻል፣ ይቆማል።

ይህን ቤታችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ። የሕፃን ውስጥ እግር ከተረከዙ ወደ ጣቱ በጣታችሁ ጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ብትጭሩ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሌሎቹም ይዘረጋሉ። በእግሩ ሄዶ ካደገው ልጅ ላይ ብታደርጉት ግን ጣቶቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ። የአንጎል ትእዛዝ እዚያ መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጆዜፍ ባቢንስኪ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1896 ገልጾታል። አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጓያ የሰበረው የሃያ ዓመት ጎልማሳ ውስጥ እግሩ ሲጫር አውራ ጣቱ እንደ ሕፃን ወደ ላይ ይነሣል።

ምን ማለት ነው? ጡንቻው አልሞተም ማለት ነው። ጥሩንባ ነፊውም አልሞተም። የተጎዳው ከዳኛው ወደ ጥሩንባ ነፊው የሚወርደው መስመር ነው።

ልዩነቱን ለማየት ፖሊዮን እናንሣ። ፖሊዮ ጥሩንባ ነፊውን ራሱን ይገድላል። አባላቱ የሚጠራቸው ስለሌለ ቤታቸው ይቀራሉ፤ እግሩ ይዝላል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ጡንቻውም ሥራ ስላጣ እየመነመነ ሄዶ ቀጭን ዱላ ይሆናል። የጓያው ግን ተቃራኒ ነው። የዳኛው ድምፅ የጠፋበት ጥሩንባ ነፊ በየኮሽታው ይነፋል። በጤና ጊዜ አንጎል «ተው» እያለ የሚያግደው ነገር ሁሉ ልጓሙን ይበጥሳል። እግሩ ይገተራል፤ ባቱ ይሸማቀቃል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ ሁለቱ ጉልበቶች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ስለዚህ «ሰበረው» የሚለው ቃላችን ለዓይን ትክክል ነው፤ ለምርመራ ግን አይሆንም። አንድም አጥንት አልተሰበረም። ስሜቱም አልጠፋም፤ እሾህ ቢወጋው ያማል። አእምሮውና እጁም ደኅና ነው። አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ አንዳንዱ በሁለት፤ የባሰበት ይድኻል።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። አንጎል ራሱ ለመልእክት ከሚጠቀምበት ግሉታሜት ከሚባል ቅመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። መርዙ እንደ እርሱ መስሎ ይገባና የነርቭ ሕዋሳቱን ያለ ዕረፍት እያስጮኸ ያደክማቸዋል፣ ይገድላቸዋልም። ይበልጥ የሚጎዱት ወደ እግር የሚወርዱት ረጃጅም መስመሮች ናቸው። አንድ ቀን በሽሮ ወጥ የበላው ሰው አይሰበርም። የሚሰበረው ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ችግሩ ጓያው የሚተርፈው ሌላው ሲጠፋ መሆኑ ነው፤ ድርቅ ይችላል፤ ውሃ የተኛበትንም የዋልካ መሬት ይችላል። ሌላው እህል በቀረበት ዓመት እርሱ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ለድሃ ሰው ባለውለታ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ እውነትም ያተረፈው ነፍስ አለ።

በአገራችን የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በጎንደር በኩል በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ ተጎድቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያ አካባቢ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ድርቅ በኋላ በሰሜን ወሎ ደላንታና ዳውንት ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ተሰበረ። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በተለይም ወንዶች ነበሩ። ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ቤት ለቤት ሄደው ማን በምን አበሳሰል እንደበላ ጠየቁ። ያገኙትም ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። እሸቱን ጥሬውን የበላ፣ ንፍሮና ቆሎ አድርጎ የበላ ይበልጥ ተጎዳ። በሽሮ ወጥ መልክ፣ በሽንኩርትና በቅመም የበላው ግን እንደዚያ አልሆነም። ከጤፍ፣ ከገብስና ከመሰለው እህል ጋር የቀላቀለውም ተረፈ። ምክንያቱም ጓያ ሥጋን የሚተካ ገንቢ ምግብ ቢሆንም አንዳንድ ሰውነት የሚፈልጋቸው ነገሮች ያንሱታል፤ እነዚያ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ይገኛሉ።

አሁን ወደ እንፋሎቱ ነገር እንምጣ። «ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ መታው»፣ «ጠዋት በጤዛ ማሳው ውስጥ አለፈ»፣ «ገለባው ላይ ተኛ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አደጋው ከጓያ መሆኑን በትክክል አይተዋል። የሳቱት የሚገባበትን በር ነው። እስቲ አስቡት፤ እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሰበሩት ከድስቱ ሥር የማይነሡት እናቶቻችን ነበሩ። በየጥናቱ ግን ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛል። ሌላም ምስክር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ቫፕንያርካ በተባለ የእስረኞች ሠፈር አይሁድ እስረኞች በየቀኑ 400 ግራም ያህል ጓያ ይመገቡ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ተገተረ። ራሱ እስረኛ የነበረው ሐኪም አርቱር ኬስለር ነገሩ ከምግቡ መሆኑን ለየ። እነዚያ ሰዎች የጓያ ማሳ አልረገጡም፤ ገለባው ላይም አልተኙም። የበሉት ነው የሰበራቸው። በነገራችን ላይ ጎያ የሚባለው የእስፓኝ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 በማድሪድ የነበረውን ረሃብ ሲስል፣ በጓያ ገንፎ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎችን አሳይቷል። ስሙ ከእህሉ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው።

እናንተ «ወንበርማ በቆሎና በርበሬ፣ ጤፍም ያበቅላል፤ የጓያ አገር አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። እሰየው። ነገር ግን ጎታ በሐምሌና በነሐሴ ይራቆታል። የተፈጨ ሽሮም ከገበያ ስንገዛ ርካሹ የቱ እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል። ከድሃ ቤት ልጆች ቆሎው ጓያ ብቻ የሆነ ቀን ደግሞ ማንም አይቆጥርላቸውም። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፤ ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፤ ከቀቀሉትም የቀቀሉበትን ውሃ መድፋት፤ መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ከፊሉ አብሮ ይሄዳል፤ ሁሉም ግን አይሄድም። ከአራት እጅ አንድ እጅ እንዳይበልጥ አድርጎ ከእህል ጋር መቀላቀል። እሸቱን ለልጅ አለመስጠት። ባቱ መሸማቀቅ፣ እግሩ መክበድ የጀመረ ሰው ካለ ጓያውን ያኑ ዕለት መተው። ከቆመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይብስም፤ የተጎዳው ግን አይመለስም። ጠበል መሄድን አልቃወምም፤ ጓያውን ሳይተዉ መሄድን ነው የምቃወመው።

ለተጎዳውም የሚደረግለት አለ። ባቱና ተረከዙ እየተሸማቀቀ እንዳይቀር በየቀኑ ጠዋትና ማታ እግሩን ቀስ አድርጎ መዘርጋትና መሳብ ይጠቅማል፤ ግትርነቱን የሚያላላ መድኃኒትም ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። በሽታው አይተላለፍም፤ ከዘርም አይወረስም። ይህን የምለው ልጃቸውን ለእንዲህ ያለ ሰው መዳር የፈሩ ወላጆች ስላሉ ነው።

ሰዓቱ ስለገፋ ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ነርቭ ሲቆረጥ ወይም ሲጨፈለቅ ጡንቻው ሳምንታት ሳይቆይ መሟሸሽ ይጀምራል። ነርቩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ ግን በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከጭን ተነሥቶ እግር እስኪደርስ ዓመት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ጠብቆ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ መቀመጫ ላይ መርፌ ሲወጋ ታላቁ የእግር ነርቭ የሚያልፍበትን ቦታ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይውጋ፤ «ክኒን አይሆነኝም፣ መርፌ ውጉኝ» እያልን አናስጨንቅ። ወጌሻም እጅ ወይም እግር ሲያስር፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ማንቀሳቀስም ካቃተው፣ «ይቻለው» አይባልም። ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ እስከ ነገ ከተባለ እጁ ወይም እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካልሆነም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይወሰድ። ልጅም በድንገት እጁ ወይም እግሩ ዝልፍልፍ ካለ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር። የአፍሪካ አገሮች ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆናቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ቢታወጅም፣ ክትባቱ ሳይዳረስ በቀረበት ሥፍራ ከክትባቱ የተነሣ ቫይረስ ሲዛመት ታይቷል፤ ለማጣራትም ሁለት የሰገራ ናሙና በ14 ቀን ውስጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የማቀርበው አንድ ጉዳይ አለኝ። በደንባችን ላይ «አስከሬን ያልተሸከመና መቃብር ያልቆፈረ አባል ይቀጣል» የሚል ተጽፏል። በምርኩዝ የሚሄድ አባል ቅጣቱን ላለመክፈል ሲል ቃሬዛ ሥር ሲገባ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እግሩ እንቢ ያለው በስንፍና አይደለም፤ መስመሩ ስለተቋረጠ ነው። እጁና ልቡናው ግን ሙሉ ነው። መዝገብ መያዝ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ «ያልተሸከመ» የሚለው «መሸከም እየቻለ ያልተሸከመ» ተብሎ እንዲታረም፣ ለማይችሉትም አባላት ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ እንዲመደብላቸው አሳስባለሁ። ሐሳቡን በጽሑፍ አድርጌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ድምፅ የሚሰጥበት በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው።